የመኪናን ጭስ ማጣሪያ የሚመርዘው ድኝ

አንድ ወዳጄ ሰሞኑን መኪናውን ጋራዥ ወስዶ ነበር። መካኒኩ «ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ሞቷል፣ ቆርጠን እናውጣው» ብሎታል። «ምን ትመክረኛለህ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙ ባለመኪናዎች ስለሆነ መልሴን እዚህ ላስፍረው።

ኮንቨርተሩ ከማርሚታው ቀድሞ ጭስ ማስወጫው ላይ የሚገጠም የብረት ሳጥን ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳዎች የተሞላ ሴራሚክ አለ። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብቷል። እነዚህ ብረቶች ራሳቸው ሳያልቁ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ነዳጅን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለውጣሉ።

ሥራው የሚከናወነው በብረቶቹ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ይህን ገጽ የሚሸፍን ነገር ሁሉ መርዝ ነው። ቀደም ሲል ዋናው መርዝ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ ነበር፤ እሱ አንዴ ከያዘ አይለቅም። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በዓለም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጠው እ.ኤ.አ. በ2021 አልጄሪያ ውስጥ ነው።

ድኝ ወይም ሰልፈር ግን ማንም የሚጨምረው ሳይሆን ከድፍድፍ ነዳጁ ጋር የሚመጣ ነው። ሲቃጠል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆንና ብረቶቹ ላይ ይለጠፋል። በተለይ የሚጎዳው በአንዳንድ የናፍጣ መኪኖች ላይ ያለውን የናይትሮጅን ኦክሳይድ ማጠራቀሚያ ነው። እዚያ ባሪየም ኦክሳይዶቹን ለጊዜው ይይዛል፤ ሞተሩ ነዳጅ የበዛበት ጭስ ሲልክለት ይለቃቸዋል። ድኙ ከባሪየም ጋር የሚፈጥረው ሰልፌት ግን የበለጠ ጽኑ ስለሆነ፣ ወንበር ይዞ አልነሳም እንደሚል እንግዳ ቦታውን ይዘጋል።

ደግነቱ ይህ መመረዝ በአብዛኛው ይታከማል። ማጠራቀሚያው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅና ጭሱ ኦክስጅን ሲያጥረው ድኙ ይለቃል። አንዳንዴ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኖ ይወጣል። ሆኖም መድኃኒቱ ራሱ ዋጋ አለው፤ ተጨማሪ ነዳጅ ይፈጃል፣ በተደጋጋሚ ሲሞቅም የፕላቲነሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች እየተጣበቁ ይተልቃሉ፣ የሚሠራው ገጽም ይቀንሳል። ቆም ሄድ በሚል የከተማ ትራፊክ ደግሞ ይህን ያህል ሙቀት በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው ዋናው መፍትሔ ያለው ነዳጁ ላይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደውን ድኝ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ 50፣ በ2009 ወደ 10 ሚሊግራም አወረደ። አሜሪካም በ1993 እስከ 500 ሚሊግራም ፈቅዳ የነበረውን የመንገድ ናፍጣ ከ2006 ጀምሮ ወደ 15 ዝቅ አደረገች። ዘመናዊ የናፍጣ ማጣሪያዎች በስፋት ሊገጠሙ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ቀድመው የገቡት ግን ገና ለዓመታት ይነዳሉ። ለወዳጄ ያልኩት ይህንን ነው፦ ሴራሚኩ ቀልጦ ወይም ተሰብሮ ከተደፈነ ኮንቨርተሩ ይቀየር። ድኝ ያደከመው ከሆነ ግን ንጹሕ ነዳጅና ሞተሩ በደንብ የሚሞቅበት ረዥም መንገድ ጉልበቱን በከፊል ይመልሱለታል። ቆርጦ መጣል ግን ድኙን አያጠፋም፤ ሌላውን መርዝ ሁሉ ሳይጣራ ወደ መንገደኛው ሳንባ ይልካል።