«አትርሳኝ» በጣሳ

እንግሊዞችም ጀርመኖችም «አትርሳኝ» የሚሉት ሰማያዊ አበባ የፈረንጅ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ሚዮሶቲስ አቢሲኒካ የተባለው ዝርያ የሚበቅለው በእኛው ደጋ ነው፤ የሳይንስ ስሙም በአገራችን የድሮ መጠሪያ የወጣ ነው። «ሚዮሶቲስ» በግሪክኛ የአይጥ ጆሮ ማለት ነው፤ ቅጠሉን ለማለት ነው።

ለጓሮ ተብሎ ዘሩ የሚሸጠው የአውሮፓው ዘመዱ ነው፤ አተካከሉን የምነግራችሁም የእሱን ነው።

እኔ የመርካቶ ልጅ ነኝ። እኛ ሰፈር ጓሮ ብሎ ነገር የለም። ግን ለዚህ አበባ ጣሳ ይበቃዋል፤ ጣሳ ደግሞ ምናለሽ ተራ ሞልቷል። ታቹን በምስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት፤ ውኃ ከተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። አፈርና የተብላላ ፍግ ቀላቅሉ። ዘሩን በትናችሁ በስሱ አፈር አልብሱት፤ እስኪበቅል አይድረቅ። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል፤ ቀትር ላይ አስጠልሉት፣ ሙቀት አይወድም።

አበባው ሲረግፍ ቶሎ አትንቀሉት። እያንዳንዱ አበባ እስከ አራት የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ፍሬዎች ይተዋል። እነሱን የለቀመ ለከርሞም ለጎረቤትም ዘር አለው።

የአውሮፓው እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ስማችንን የያዘውን የእኛውን ግን ስንቶቻችን አይተን እናውቀዋለን?