«ፀሐይ»ን በባልሳ፣ በጫጫ አየር

«ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን ሞዴል ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጫጫ ተቀምጠህ የባህር ዛፍ ጣውላ ምን ጎደለህና ነው ከባሕር ማዶ እንጨት የምታስመጣው?» በጽሑፍ ልመልስ፤ ትንሽ ረዘም ይላል።

የማስመጣው እንጨት ባልሳ ይባላል፤ የኢኳዶርና የአካባቢዋ ቆላ ዛፍ ነው። እድገቱ ፈጣን ስለሆነ ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ለመጋዝ ይደርሳል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ግንዱ ውኃ ያዘለ ነው፤ ተሰንጥቆ በምድጃ ሲደርቅ ውኃው ይወጣና በስስ ግድግዳ የተከፋፈለ ባዶ ቦታ ይቀራል። ከእንዲህ ያለው ደረቅ ባልሳ አንድ ሜትር ኩብ 160 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። የባህር ዛፍ ከዚያ አራት አምስት እጥፍ ነው። ሰፈራችን ያሉ አናጺ አንዱን ጣውላ አንስተው «ልጄ፣ ይሄ እንጨት ነው ወይስ ቡሽ?» አሉኝ። ቀላል ነው ማለት ግን ደካማ ነው ማለት አይደለም። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ሞስኪቶ» የተባለውን ፈጣን የጦር አውሮፕላን ገላ የሠሩት ባልሳን በሁለት ስስ ኮምፔንሳቶ መሐል አጣብቀው ነው።

አሁን ወደ ጫጫ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህል ይሳሳል። ክንፍ የሚያነሣው አየርን ወደ ታች እየገፋ ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም 15 በመቶ ያህል ፈጥኖ መብረር አለበት። ፈጥኖ የሚበር ሞዴል ደግሞ ሲወድቅም ፈጥኖ ነው። ስለዚህ የውጭ አገር መጽሐፍ «ይህ ክብደት ይበቃል» ሲል፣ እኛ ጋ አይበቃም፤ መቀነስ አለበት። ለዚህ ነው ባልሳን የሙጥኝ ያልኩት።

«ፀሐይ»ን የመረጥኩትም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረራውን በጀመረበት ሰሞን ነበር፤ ስሟም የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ሞተሯ ባለ ሰባት ሲሊንደር ዋልተር ቬኑስ ሲሆን ጉልበቱ 115 ፈረስ ነው። ይህ ቁጥር ግን የባሕር ዳርቻ ቁጥር ነው። ሞተርም እንደ ክንፉ በአየር ነው የሚኖረውና አዲስ አበባ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ዌበር የተጋፈጠው ችግር እኔ በጠረጴዛዬ ላይ ከምጋፈጠው ጋር አንድ ነው፤ የእሱ ሰው መሸከም ነበረበት እንጂ። ከወረራው በኋላ ወደ ጣሊያን ተወስዳ በሮም አቅራቢያ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ቆየች፤ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

የእኔ ሞዴል አንድ አሥረኛ ነው። ርዝመቱ በ10 ሲያንስ የክንፉ ስፋት በ100፣ ክብደቱ ደግሞ በ1,000 ማነስ አለበት። የመጨረሻው ቁጥር ነው እንቅልፍ የሚነሣው! ንድፉን በወረቀት እስልና ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ወጥሬ ከላዩ ስስ ፕላስቲክ አነጥፋለሁ፤ የክንፉን ጎድኖች በአዲስ ምላጭ ቆርጬ በስፒል አቆማቸዋለሁ። ሁሉም እኩል እንዲሆኑ አንድ ላይ ደርድሬ በብርጭቆ ወረቀት እፈጋቸዋለሁ። ነጭ ኮላ በጥርስ ስቴኪኒ ጫፍ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ኮላው ራሱ ሸክም ነው። የክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ ግን ባልሳውን ትቼ ስስ የቀርከሃ ስንጥር አስገብቻለሁ፤ ማሳ ላይ ሲያርፍ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። ሰባቱ የሞተር ሲሊንደሮች ከቆርች የተፈለፈሉ ናቸው፤ ቆርች ለእጅ ይመቻል፣ ከባልሳ መክበዱም አፍንጫው ላይ ጉዳት የለውም።

እንዲያውም ይጠቅማል። የሞዴሉ ሚዛን ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ፣ ከክንፉ ወርድ ሩብና ሲሶ መካከል ማረፍ አለበት። አፍንጫው አጭር፣ ጅራቱ ረጅም ስለሆነ ጅራት ላይ የጨመራችሁትን አንድ ግራም ለማካካስ አፍንጫው ላይ ብዙ ግራም ትከፍላላችሁ። ስለዚህ በጣም ቀላሉን ባልሳ ለጅራት አስቀምጡ። ካልበቃ አፍንጫው ውስጥ ሳንቲም ይጣበቃል።

በመጨረሻ ስስ ወረቀት ይለብሳል። ውኃ አርከፍክፋችሁበት ሲደርቅ ራሱን ይወጥራል፤ ከዚያ የቀጠነ ቫርኒሽ በስሱ ይቀባል።

ባልሳ ላላገኘ፦ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ሻንጣ ውስጥ ጥቂት ጣውላ ማስያዝ ይቻላል። ለልምምድ ከቆላ የሚመጣ የማሽላ አገዳ ልብ ጥሩ ነው፤ ፎምም ይበራል። ግን ብርሃን ሲመታው በወረቀቱ ውስጥ የጎድኖቹን ጥላ የምታዩት በባልሳ ብቻ ነው፤ እኔ ለዚያ ስል ሌላውን ሁሉ እታገሣለሁ።

የማበረው ገብስ ከታጨደ በኋላ፣ ማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫጫ ላይ ለመሞከር የሚያስብ ካለ ሞዴሉን በቅድሚያ ይሰናበተው።

የቀረኝ የጅራቱ ቀለም ነው። «ፀሐይ»ን በአካል አይታችሁ ጅራቷን ከጎን በኩል ፎቶ ያነሣችሁ ካላችሁ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።