ስድሳ የሞላው ባች

በ1976 ዓ.ም. ማትሪክ አልፈው ዩኒቨርሲቲ የገቡት ልጆች ስድሳ እየሞላቸው ነው። «ልጆች» ማለቴን አንባቢ ይለፈኝ፤ እርስ በርሳቸው ዛሬም የሚጠራሩት እንዲሁ ነው። የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች «ያ የወለጋው ልጅ ደህና ነው?» ሲባባሉ መስማት የተለመደ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የጡረታ ደብዳቤያቸውን እየተቀበሉ ሲወጡ፣ ከሥራ ዘመናቸው የሚከተላቸው ነገር አንድ ነው፤ በስልካቸው ላይ ያለው የባች ግሩፕ።

ያን ጊዜ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ናቸው፤ አዲስ አበባና አስመራ። አለማያ ገና በአዲስ አበባ ሥር ያለ የእርሻ ኮሌጅ ነበር፤ ራሱን የቻለው በ1977 ነው። ስለዚህ የጎሬውም፣ የአድዋውም፣ የጂንካውም ልጅ አንድ ዶርም ያድር፣ ኬኔዲ ላይብረሪ አንድ ጠረጴዛ ይሻማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የ77 ድርቅ መጣ። ከዚያም ትምህርት ተቋርጦ ተማሪውም መምህሩም ከድርቁ ቦታ ለመጡ ሰፋሪዎች ጎጆ ሊቀልስ ወደ መተከልና ወደ ጋምቤላ ዘመተ። እኔ እንደማየው ይህን ባች ያስተሳሰረው ከሌክቸሩ ይልቅ ያ ዘመቻ ነው። ዛሬም ሲገናኙ ስለ ወባውና ስለ ሣር ማጨዱ እንጂ ስለ ካልኩለስ ሲያወሩ አይሰሙም። (ስለ ካልኩለስ የሚያወራ ካለ ኤ.ዲ. የተባለው፣ ማለትም በውጤት ማነስ የተሰናበተው ነው።)

ከምረቃ በኋላ ግን ተበታተኑ። መንግሥት በምደባ አንዱን አርሲ፣ አንዱን ኤርትራ፣ አንዱን ሐረርጌ ላከ። ያን ጊዜ በአገራችን ፖስታ ቤት ለቤት አይታደልም ነበር፤ የሰው አድራሻ የመሥሪያ ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። ሰውየው ሲዛወር አድራሻውም አብሮ ይጠፋ ነበር። በዚያ ላይ ታላላቆቻቸው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ምን እንደደረሰባቸው አይተው ያደጉ ናቸው፤ የጓደኛ ስም ዝርዝር ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ለዚያ ትውልድ ቀላል ነገር አልነበረም። ሞባይል አገር ውስጥ የገባው በ1991 ነው። እስከዚያ ድረስ የባቹ ሰዎች የሚገናኙት በአጋጣሚ ወይም በለቅሶ ነበር።

ዛሬ በቴሌግራሙና በዋትስአፑ የተሰበሰበው ባች ታዲያ እንግዳ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት የመልካም ቀን ምኞትና የአበባ ሥዕል፣ በበዓል የዶሮ ፎቶ፣ በመካከል አንድ ያረጀ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ብቅ ይልና «ከግራ ሦስተኛው ማን ነው?» የሚል ክርክር ሁለት ቀን ይፈጃል። አብዛኞቹ ግሩፖች ያልተጻፈ አንድ ሕግ አላቸው፤ ፖለቲካ ክልክል ነው። ይህ ሕግ በዋዛ አልመጣም። ከ1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ከአስመራ ልጆች ጋር የነበረው የስልክ መስመር ለሃያ ዓመት ተዘጋ። በሐምሌ 2010 ሲከፈት፣ አብረው አንድ ዶርም ያደሩ ሰዎች «አለህ?» ከሚለው ጥያቄ ጀመሩ፤ የአንዳንዱን መልስ ልጁ ነበር የሰጠው። ከዚያ በጥቅምት 2013 በትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ የመቐለው ጓደኛ ስልክ እንደገና ዝም አለ። በዚያ ወቅት አንድ የተላለፈ ቪዲዮ ብቻ አርባ ዓመት ገደማ የተዋወቁ ሰዎችን አኳርፎ ከግሩፕ አስወጥቷል። የወጡት ሁሉ አልተመለሱም። እገዳው ሰላም አስገኝቷል፤ ግን በአንድ ቤት ውስጥ የሚያሳስበውን ትልቁን ነገር የማያነሳ ሰው ምን ያህል እንደተቀራረበ እኔ እጠራጠራለሁ።

ጡረታው ራሱ ባቹን ለሁለት ከፍሎታል። እዚህ ያለው በስድሳ ዓመቱ ይወጣል። በዲቪ አሜሪካ የገባው ግን፣ እዚያ ከ1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ የተወለደ ሰው ሙሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ስለሆነ፣ ለሙሉ ክፍያው ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል። የአዲስ አበባው «ና እንጂ፣ ጊዜ አለን» ሲል የቨርጂኒያው የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው።

እዚሁ አገር ቤት ያሉትም እኩል አይደሉም። በጡረታ አዋጁ ስሌት አሥር ዓመት ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከላል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ1980 ተቀጥሮ በ2018 የወጣ መምህር 65 በመቶ ይደርሰዋል። ዕድሜውን በግል ድርጅት የጨረሰው ግን፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ ሥርዓት የተጀመረው በ2003 ስለሆነ፣ ፕሮቪደንት ፈንድ ካልነበረው በቀር የሚቆጠርለት አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ከ36 በመቶ ብዙ አይዘልም። አንድ ክላስ የተቀመጡ፣ ምናልባትም አንዱ ከሌላው የኮረጀ ሰዎች ናቸው። በዋጋ ንረቱ ደግሞ 65 በመቶውም ቢሆን የመድኃኒት ወጪ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ጡረተኛ ይንገራችሁ።

እዚህ ላይ ነው ባቹ የተለወጠው። የግሩፑ ዋና ሥራ ዛሬ ትዝታ አይደለም፤ መዋጮ ነው። የኩላሊት እጥበት፣ የልብ ቀዶ ሕክምና፣ ሕንድ መሄጃ። ጥሪ ይለቀቃል፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል፣ ገንዘቡ በቴሌብርም በዌስተርን ዩኒየንም ይገባል። መልካም ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ጉድለቱ ግን አለ። ተማሪ እያለ ተጫዋችና ተወዳጅ የነበረው ሲታመም ብሩ በሦስት ቀን ይሞላል። ዝምተኛው፣ ማንም ስሙን በቅጡ የማያስታውሰው፣ ፎቶው ላይ ከኋላ የቆመው ሲታመም ግን «እግዜር ይማርህ» ብቻ ይበዛለታል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። መዋጮ በወዳጅነት ሲለካ ውጤቱ ይኸው ነው።

እድር ይህን ችግር ከፈታው ቆይቷል። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ የወር ክፍያው የታወቀ ነው፣ ደንቡ የተጻፈ ነው። እድርተኛው ተወዳጅ ይሁን ኩርፍተኛ፣ ድንኳኑ እኩል ይተከልለታል። የባቹ ሰዎች የየሰፈራቸው እድር አባል ናቸው፤ አንዳንዶቹ ዳኛም ናቸው። ከሰፈራቸው ያወቁትን ወደ ግሩፑ ማምጣት ለምን እንደከበዳቸው አይገባኝም። ምናልባት ደንብ ጓደኝነትን ያደርቃል ብለው ይሆናል። እኔ ግን ጓደኝነቱን የሚያደርቀው በየሦስት ወሩ «አሁን ደግሞ ማን ታመመ?» እያሉ ስልክ መፍራት ነው እላለሁ።

ሌላው አደጋ አድሚኑ ነው። በአብዛኛው ግሩፕ ዝርዝሩን የሚያውቀው፣ የጠፋውን የሚያፈላልገው፣ የሞተውን የሚያሳውቀው አንድ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሴት ናት። እሷ ብትታመም ባቹ አብሯት ይታመማል። ስለዚህ ዝርዝሩን ዩኒቨርሲቲውም ሊይዘው ይገባል። በ2015 በወጣው አዋጅ መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ራስ ገዝ ተቋም ደግሞ የድሮ ተማሪዎቹን ይፈልጋል። የሚፈልገው ገንዘባቸውን ከሆነ ቀድሞ ስማቸውን ይያዝ።

እናንተ የዚህ ባች ልጆች፣ የሚቀጥለው የሕመም ጥሪ ሳይለጠፍ ሦስት ሰው ምረጡ፤ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። ትንሽም ብትሆን የወር መዋጮ ወስኑ፤ የአሜሪካው በአቅሙ፣ የጡረተኛው በአቅሙ። የስም ዝርዝሩን በወረቀት አትሙት፤ ኤ.ዲ. የተባሉትንም፣ ሳይመረቁ ድንበር የተሻገሩትንም፣ ተኳርፈው ከግሩፕ የወጡትንም ጨምራችሁ። ለወጡት ደግሞ ደውሉላቸው።