ሠዓሊ ወይስ ሰአሊ? አንድ ፊደል ትርጉም ሲቀይር

ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ያለችው ደብረ ሲና ማርያም በግድግዳ ሥዕሎቿ ትታወቃለች። ጎብኝታችሁ ፎቶ ስትለጥፉ ሥዕሎቹን የሣለውን ሰው ምን ብላችሁ ትጽፉታላችሁ? ሠዓሊ ወይስ ሰአሊ?

ስንናገራቸው አንድ ናቸው። በጽሑፍ ግን ትርጉማቸው ለየቅል ነው፦

👉 ሠዓሊ = ሥዕል የሚሥል
👉 ሰአሊ = ለምኚ (ለሴት)

👉 ሠረቀ = ወጣ (ለፀሐይ)፤ «ምሥራቅ» የመጣው ከዚህ ነው
👉 ሰረቀ = የሰው ንብረት ወሰደ

👉 ድኅነት = መዳን
👉 ድህነት = ማጣት፣ መቸገር

ዛሬ በአማርኛ ብዙዎቻችን ፊደሎቹን እያቀያየርን እንጽፋለን፤ እኛም እንሳሳታለን። አብዛኛውን ጊዜ ከዐረፍተ ነገሩ ስለምንረዳው ችግር የለውም። ግን ለታመመ ጓደኛችሁ «ድኅነትን ይስጥህ» ልትሉ «ድህነትን ይስጥህ» ብትልኩስ? 😅 ምርቃቱ እርግማን ሆነ ማለት ነው!

ሁለቱም ፊደል ስልካችሁ ላይ አለ። ከመላካችሁ በፊት አንዴ እዩት።

እናንተስ ሌላ ምን ታውቃላችሁ? ጻፉልን 👇