ጉርሻው ይቆየን

ፉሪ ውስጥ ስትሮክ የመታው ሰው ያለበት ቤት ስገባ ቀድሜ የማጣራው የምግቡን ነገር ነው። ማን ያጎርሰዋል? ብርጭቆውን ማን ያነሳለታል? ጋቢውን ማን ያለብሰዋል? ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ነው፤ ቤተሰቡ ተረባርቦ ሁሉን ይሠራል፣ ታማሚው ይቀመጣል።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ እሠራለሁ። ግማሽ ሰውነቱ አልታዘዝ ያለውን ሰው ከፉሪ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ ማመላለስ ምን ማለት እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። ውስጥ ለውስጥ ኮረኮንቹን በባጃጅ፣ ከዚያ ኮንትራት ታክሲ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጭቃው አለ። ስለዚህ የብዙዎቹ ሕክምና የሚቀጥለው ቤታቸው ነው፤ እኔ ከሳምንቱ ውስጥ የማገኛቸው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ያቺ ጥቂት ሰዓት ብቻዋን አትበቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 ካትሪን ላንግና ባልደረቦቿ በአሜሪካና በካናዳ 312 የሕክምና ክፍለ ጊዜዎችን ተከታትለው ነበር። የእጅ ልምምድ በነበረባቸው ጊዜያት ታማሚው አንድ ነገር ለመሥራት እጁን ያንቀሳቀሰው በአማካይ 32 ጊዜ ሆኖ ተገኘ። በስትሮክ የሞተው የአንጎል ክፍል አይመለስም፤ በሕይወት የተረፈው ግን ከሥራው ከፊሉን ሊረከብ ይችላል። የሚረከበው ደግሞ በብዙ መቶ ድግግሞሽ ነው። መሣሪያ በሞላበት ክሊኒክ 32 ከሆነ፣ ቀሪው ከየት ይመጣል? ከዕለት ኑሮ።

ፍቅራችን የሚያስቸግረን እዚህ ላይ ነው። ቀኝ እጁ የከዳው ሰው በግራው መቁረስ ያሳፍረዋል፤ እንግዳ ካለ ጭራሽ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ልጆቹ አንጀታቸው አይችልምና ያጎርሱታል። እጁም ሳይጠራ ይከርማል፤ መንቀሳቀስ የሚችለውን ያህል እንኳ መንቀሳቀስ ይተዋል። ኤድዋርድ ታውብ የተባለው ተመራማሪ ይህንን ልማድ አጥንቶ ጤነኛውን እጅ አስሮ ደካማውን የማሠራት ዘዴ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ኤክሳይት የተባለ ጥናት ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸውን 222 ሰዎች አካቷል። ለ2 ሳምንት በዚህ ዘዴ የሠሩት ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ አሳዩ፤ ልዩነቱ ከ1 ዓመት በኋላም ነበር። ለዚህ ግን ጣቶች በመጠኑም ቢሆን መዘርጋት መቻል አለባቸው።

እኔ ጤነኛውን እጅ ለመገደብ ጓንት ከማልበሴ በፊት እንጀራ አስቀርባለሁ። መቁረስ አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጋር ያገናኛል፣ የእጅ አንጓን ያሠራል፣ መጠቅለልና ወደ አፍ ማንሳት ክርንና ትከሻን ይጨምራል። ለደከመ እጅ በዳቦ እንጀምራለን። ከዚያ ሽንኩርት መላጥ፣ ምስር መልቀም፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ እንደ እምነቱ መቁጠሪያ ወይም ሙስባሃ መቁጠር ይከተላል። ጣቶቹ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሱ ጤነኛው እጅ ደካማውን ይዞ ያንቀሳቅሰዋል።

«እኔ እያለሁ እናቴ ሽንኩርት ትላጥ? ጎረቤት ምን ይላል?» የምትል ልጅ በየቤቱ አለች። ይሉኝታው ቀላል አይደለም። መልሴ አጭር ነው፦ «ሥራ እያስያዝናት አይደለም፤ መድኃኒቷ ነው። ጎረቤት ከጠየቀ እንደ ክኒን ታዞላት ነው በይ።» እናትየዋንም «እትዬ፣ ቢፈስም ቢበተንም ችግር የለም» እላቸዋለሁ፤ ብዙዎች የሚያቆሙት ማበላሸት ፈርተው ነውና።

ማሠራት ማለት ግን ማስጨነቅ አይደለም። ከስትሮክ በኋላ ያለው ድካም እውነተኛ ነው፤ ስንፍና ብሎ መቆጣት አይገባም። ሲውጥ ትን የሚለው ሰው መዋጡ በባለሙያ ሳይታይ፣ በተለይ ተጋድሞ፣ ምግብም ውሃም አይሰጠው። በደከመው ክንድ ጎትቶ ማንሳት ትከሻውን ሊያላቅቀው ይችላል፤ ወጌሻም እንዲስበው አልመክርም። የግፊት መድኃኒት «ተሽሎኛል» ተብሎ ከተቋረጠ ደግሞ ሁለተኛ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል።

ሁሉም እጅ አይመለስም፤ ይህንንም ለቤተሰቡ ሳልደብቅ እናገራለሁ። ሆኖም ለውጡ ፈጥኖ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ እነዚህን ወራት ከታማሚው ጋር የሚያሳልፉት ልጅ፣ ሚስት፣ የቤት ሠራተኛ ናቸው። ከሆስፒታል መውጫ ወረቀት ላይ «ፊዚዮቴራፒ ይቀጥል» የሚል መስመር አያለሁ። ማን እንደሚቀጥለው ግን አይጽፍም። ታማሚው ከመውጣቱ በፊት አስታማሚውን ግማሽ ሰዓት አስቀምጦ እንዴት እንደሚያነሳ፣ እንዴት እንደሚያበላና መቼ ከማገዝ እጁን እንደሚሰበስብ ማሳየት አዲስ ማሽን አይጠይቅም። ያ ግማሽ ሰዓት እንደ ሐኪም ትእዛዝ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።