ባሕር የሌላት ደሴት

ከዶሎ ኦዶ ተነሥቶ ነገሌ ቦረና ሲደርስ የመሸበት መንገደኛ፣ ከእራቱ በፊት የሚፈልገው የሚደርበው ልብስ ነው። ቀኑን ሙሉ በላብ የራሰው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ይቀዘቅዝበታል። «ያው ቆላ አይደል» ብሎ ጋቢውን ቤት የተወ ሰው፣ ማታ የአልጋ ቤቱን ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ይስባል።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። ዶሎ ኦዶ ከባሕር ወለል በላይ 200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ነገሌ 1,475 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። አየር ሽቅብ ሲወጣ ከላይ የሚጫነው ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 8 ዲግሪ መሆኑ ነው። ቴርሞሜትር ያላዩት አባቶች ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው የከፈሉት ይህንኑ ነው። ነገሌም ቆላው ያበቃበታል ከሚባለው 1,500 ሜትር ደፍ ላይ ናት።

ለየት ያለ ማነጻጸሪያ ሞምባሳ ናት። ከአዲስ አበባ በሞያሌ በኩል የሚወርደው አውራ ጎዳና የሚያበቃው እዚያ፣ የህንድ ውቅያኖስ በከበባት ደሴት ከተማ ነው። ነገሌ ከምድር ወገብ 5 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ ሞምባሳ 4 ዲግሪ ወደ ደቡብ ናቸው፤ ፀሐይ ለሁለቱም አታዳላም። ሞምባሳን የሚጠብቃት ውሃው ነው። አንድ ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ ከአንድ ኪሎ ደረቅ አሸዋ አምስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይፈጃል፤ ስለዚህ ባሕር ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይበርድም። የከተማዋ ወራት በአማካይ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይመላለሳሉ። ችግሩ ሌሊት ነው፦ እርጥቡ አየር ላብ አያደርቅም። የነገሌ ደረቅ አየር ግን ፀሐይ ስትጠልቅ የምድሩን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል። እንቅልፍ ለሚወድ ሰው ምርጫው አያስቸግርም።

በቆላ ሙቀት በተከበበው በዚህ ቀዝቃዛ የአየር ደሴት ላይ ከሰው ይበልጥ የሙጥኝ ያለ ነዋሪ አለ። ከነገሌ ወደ ምዕራብ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በአሬሮ መካከል፣ ሰውነቱ አመድማ፣ ክንፍና ጅራቱ ጥቁር፣ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያለው የቁጥቋጦ ቁራ ይኖራል። ግራር አናት ላይ እንደ ኳስ የተድቦለቦለ የእሾህ ጎጆ ይሠራል፤ ከብት የዋለበትን መስክ ተከትሎ ፋንድያ እየገለበጠ ትል ይለቅማል። ጣሊያናዊው ሞልቶኒ እ.ኤ.አ. በ1938 ለሳይንስ ካስተዋወቀው ወዲህ ሊቃውንቱን ግራ ያጋባ አንድ ነገር ነበር። ከክልሉ ወጣ ሲሉ ግራሩ ያው፣ ከብቱ ያው፣ አፈሩም ያው ነው፤ ወፉ ግን የለም።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። ፖል ዶናልድና ባልደረቦቹ፣ ኢትዮጵያዊው መንግሥቱ ወንዳፍራሽም ጭምር፣ የወፉን መገኛ ከአየር ጠባይ መረጃ ጋር ሲያስተያዩ ድንበሩ ሙቀት ሆኖ ተገኘ፦ የዓመቱ አማካይ ከ20 ዲግሪ ገደማ በታች የሆነበት ቦታ። ኋላም ተመራማሪዎች ወፉን በቀን ሙቀት ተከታትለው ተመለከቱ። ወፍ አያልበውም፤ ሲሞቀው ምንቃሩን ከፍቶ ያለከልካል። ቁራው ሙቀቱ ሲጨምር አብረውት ከሚኖሩት፣ በሰፊው ከተሰራጩት የወፍ ዓይነቶች ቀድሞ አፉን ይከፍታል፤ ጥላም ይፈልጋል። በጥላ ያለፈው ሰዓት ደግሞ ምግብ ያልተለቀመበት ሰዓት ነው።

 

የባሕር ደሴት ውሃው ከፍ ሲል ከዳርቻው ይጠብባል። የቦረናው ደሴት የሚጠብበውም እንደዚያው ነው፤ ከፍ የሚለው ግን ሙቀት ነው። በ6.5 ዲግሪው ስሌት ዓለም በ1 ዲግሪ ስትሞቅ የ20 ዲግሪው መስመር 150 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። የሰው ልጅ ጋቢውን እየተወ ሊላመድ ይችላል። ወፉ ግን ከቁልቁለቱ እየሸሸ መውጣት አለበት፤ የያቤሎ አካባቢ ደግሞ ሰፊ ሜዳው ከታች፣ ጠባብ ኮረብታው ከላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ትንበያ እስከ 2070 ድረስ አብዛኛው የቁራው ተስማሚ ክልል እንደሚጠፋ ያመለክታል።

ወፉ ምግቡን የሚለቅመው ከብት ከዋለበት ነውና፣ የከብቱም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ከቦረና መስክ የከብት መንጋ ረገፈ። ያን ዝናብ የሚያመጣውም የሚከለክለውም፣ ከዚያ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የራቀው፣ ሞምባሳን የከበበው ያው ውቅያኖስ ነው፤ የገናሌና የዳዋ ወንዞችም ዶሎ ላይ ተገናኝተው በጁባ በኩል ወደ እሱ ይፈስሳሉ። በእኩለ ቀን ግራር ሥር ቆሞ አፉን የከፈተው ቁራ በዚያን ሰዓት ከፊቱ ካለው ፋንድያ ራቅ ብሎ፣ ጥላው ወደ ፋንድያው እስኪረዝም ይጠብቃል።