ምሩቅን ማክበር ሲባል ምን ማለት ነው?

በናይሮቢ ከተማ፣ በፓርክላንድስ ሠፈር ዳርቻ አልፎ ወደ ፓንጋኒ የሚዘልቅ አንድ ጎዳና አለ። ለብዙ ዘመን ፎረስት ሮድ፣ በእኛ አነጋገር የደን መንገድ፣ ሲባል ኖሮ በ2016 በኦክቶበር ወር በፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ ስም ተሰየመ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የደን ስም ተነሥቶ ደን ሲጠብቁ የተደበደቡ ሰው ስም መተካቱ ተገቢ ሆኖ ይታየናል። በዚያው በፓርክላንድስ ሲቲ ፓርክ የሚባለው መናፈሻ የጥንቱ ደን ቅሪት ከነጦጣዎቹ በከተማው መካከል እስከ ዛሬ ስለሚገኝ፣ ስሙ ያለ ቦታው አልዋለም።

ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ጎዳና ማውራት አይደለም። ፕሮፌሰር ማታይ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ፍሬ ናቸው። አንድ የትምህርት ተቋም ያስተማረውን ሰው ስለ ዕድሜ ልክ ሥራው ሲያከብር ምን እያደረገ ነው? እኛ መምህራንስ ይህን ለተማሪዎቻችን እንዴት እናስረዳለን? ይህን ለመመልከት የእሳቸውን ታሪክ መከተል ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የክብር ዶክትሬት ለማንኛውም ታላቅ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ተቀባዩ በዚያ ዩኒቨርሲቲ አንድ ቀን እንኳ ተምሮ ማወቅ የለበትም። ለምሩቅ የሚሰጥ ክብር ግን ሌላ ነው። ተቋሙ «ይህ ሰው የእኔ ነው፤ ሲጀምር ያየሁት እኔ ነኝ» ብሎ ይመሰክራል። ስለዚህ ምሩቁን ሲያከብር ራሱንም ማስከበሩ ነው። ነገሩን በግልጽ እንናገር ከተባለም፣ በሀብታሞቹ አገሮች እንዲህ ያለው በዓል ከምሩቃን ገንዘብ የማሰባሰቢያ ዘዴም ነው። ይህ በራሱ ነውር ባይሆንም፣ ተቋሙ የምሩቁን ታሪክ አሳምሮና አለስልሶ እንዲያነብ የሚፈትነው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ዋንጋሪ ማታይ በ1940 በኒየሪ አውራጃ ተወለዱ። በ1960 ወደ አሜሪካ ለትምህርት ከተላኩት ሦስት መቶ ያህል የኬንያ ወጣቶች አንዷ ሆነው ሄዱ። በካንሳስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1964፣ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪያቸውን በ1966 ተቀበሉ። አገራቸው ሲመለሱ የምርምር ረዳት ሆነው እንዲሠሩ የተጻፈላቸው ደብዳቤ በእጃቸው ነበር፤ ነገር ግን ቦታው ለሌላ ሰው መሰጠቱ ተነገራቸው። ሴት መሆናቸውና ጎሣቸው እንደ ጎዳቸው ያምኑ ነበር። በኋላ አንድ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሥራ ሰጧቸው፤ በጀርመን አገርም ምርምር አካሂደው በ1971 ከናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ለዚህ ማዕርግ የበቁ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። የጥናታቸው ርእስ ስለ ዛፍ አልነበረም፤ ስለ ከብቶች የመራቢያ ዕጢዎች አበቃቀል ነበር። ተማሪዎቻችን ሰው በተመረቀበት ሙያ ብቻ የሚታወቅ ስለሚመስላቸው ይህችን ነጥብ ማንሣት ይበጃል።

በ1976 የእንስሳት አናቶሚ ክፍል ኃላፊ፣ በ1977 ተባባሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። የግሪን ቤልት ንቅናቄን የመሠረቱትም በዚያው በ1977 ነው። የገጠር ሴቶች የማገዶ እንጨትና ንጹሕ ውሃ እንደ ራቃቸው ሲናገሩ ሰምተው፣ ሴቶቹ ራሳቸው ችግኝ እያፈሉ እንዲተክሉ፣ ለጸደቀውም ችግኝ ጥቂት ገንዘብ እንዲከፈላቸው አደረጉ። በዚህ መንገድ የተተከለው ዛፍ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በ1982 ለፓርላማ ለመወዳደር ሕጉ እንደሚያስገድደው የዩኒቨርሲቲ ሥራቸውን ለቀቁ። ፍርድ ቤቱ በመራጭነት ምዝገባ ምክንያት መወዳደር አይችሉም ብሎ ወሰነ። ወደ ሥራቸው ለመመለስ ቢጠይቁ ዩኒቨርሲቲው እምቢ አለ፤ የሚኖሩበትንም የዩኒቨርሲቲውን ቤት እንዲለቁ አደረገ። ያስተማራቸው፣ የመጀመሪያዋ ሴት ዶክተር ብሎ ያስመረቃቸው፣ ክፍል የሚያስመራቸው ተቋም በር ዘጋባቸው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ1989 በኡሁሩ ፓርክ ላይ ሊሠራ የታሰበውን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ ተቃወሙ፤ ውጥኑም ቀረ። በ1999 በካሩራ ደን ዛፍ ሊተክሉ ሄደው በዘበኞች ተደብድበው ራሳቸው ላይ ቆሰሉ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው፤ ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናቸው።

ክብሩም ተከተለ። ፒትስበርግ በ2006 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው፤ ካረፉም በኋላ በ2013 በግቢው ሣር ላይ ዛፎችና ክብ የአበባ መደብ ተክሎ በስማቸው ሰየመ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2010 ከእሳቸው ጋር በመተባበር በስማቸው የሚጠራ የሰላምና የአካባቢ ጥናት ኢንስቲትዩት አቋቋመ። እኛ ከሁሉ የምናስበልጠው ይህን የመጨረሻውን ነው። በሕይወት ሳሉ የተደረገ ነው፤ የእሳቸውም እጅ አለበት፤ ከሁሉም በላይ በር ዘግቶ የነበረው ተቋም እንደ ገና የከፈተው በር ነው። ጎዳናው ግን የተሰየመው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ሰው አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የተከታተሉ ሳይንቲስት ነበሩ። በ1964 በአድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለ ሆነች፣ እናቶቻችን ሲያጥቡበት የኖሩት ፍሬ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ግኝቱ በዓለም ተቀባይነት እስኪያገኝ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ማታይ ይህንኑ ሽልማት በ1984፣ ከሥራ በተባረሩ በሁለተኛው ዓመት፣ አግኝተውት ነበር። አክሊሉ በ1966 የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል።

በየትምህርት ቤታችን የቀድሞ ተማሪዎች በሚከበሩበት ቀን የተለመደው የዲግሪና የሹመት ዝርዝር ማንበብ ነው። ተማሪው ያጨበጭባል፤ ነገር ግን የሰማው የተሳካውን ብቻ ስለ ሆነ ከራሱ ኑሮ ጋር የሚያያይዝበት ነገር አያገኝም። ከዝርዝሩ ጋር የተከለከሉት ሥራ፣ የተመለሰባቸው ማመልከቻ፣ የተባረሩበት ቤት አብሮ ቢነበብ ምን ይጎዳል? ማታይ ራሳቸው ይህን ታሪክ በሕይወታቸው መጽሐፍ ሳይደብቁ ጽፈውታል። ተጋባዡ በሕይወት ካለም፣ ከመድረኩ ንግግር ይልቅ አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ ሰጥቶ ከተማሪዎች ጋር ማስቀመጥና የሚጠይቁትን እንዲጠይቁ መተው ይሻላል እንላለን። የሥነ ሕይወት መምህሩ እንዶዱን ይዞ ይምጣ፤ የታሪክ መምህሩ ዓመታቱን ይንገር፤ ርእሰ መምህሩም ትምህርት ቤቱ በዚያ ተማሪ ላይ ያጠፋው ካለ እሱ ራሱ ይናገረው።